ስድስት ወጥመድ፣ አንድ ኩሬ፦ መስክራት ማጥመድ ለሚጀምር ሰው

መጀመሪያ የገዛሁት ሃያ ወጥመድ ነበር። ሚኒሶታ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ፣ እርሻ ላይ ተወልደው ያደጉ ሰው። ሃያውን አዩና ስድስቱን ለይተው አወጡ። «ዘንድሮ እነዚህ ብቻ» አሉኝ። የቀረውን ጋራዣቸው ውስጥ ሰቀሉት። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጀማሪ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ስድስት ወጥመድ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ዞራችሁ ታያላችሁ። ሃያውን አትደርሱበትም። ያልታየ ወጥመድ ውስጥ ደግሞ እንስሳ እየተሰቃየ ሊያድር ይችላል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ አንድ እንስሳና ስለ ጥቂት ወጥመዶች ነው። እንስሳው መስክራት ይባላል፤ የሚጠመደው ለጸጉር ቆዳው ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከአይጥ ዘር የሆነ፣ ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝን ቡናማ እንስሳ ነው። ጭራው ጸጉር የለውም፤ ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ሲዋኝ እንደ መቅዘፊያ ይጠቀምበታል። ቶሎ ቶሎ ይወልዳል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ። ረግረግ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ የለም። ብልጥ አይደለም፣ የሰው ሽታም ብዙ አያሸሸውም። ቀበሮ ወይም ኮዮት የሚባለውን የተኩላ ዘመድ ላጥምድ ብሎ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ክረምት ተስፋ ይቆርጣል።

ማጥመድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ የገጠር ልጅ በፈረስ ጭራ ጅግራ አጥምዶ፣ ወስፈንጥር ሠርቶ ነው ያደገው። ጥርኝም ለዝባዱ ሲባል ስንት ዘመን ተጠምዷል። የመስክራት ሳይንሳዊ ስም «ኦንዳትራ ዚቤቲከስ» መሆኑን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። «ዚቤቲከስ» የሚለው ቃል ሥሩ የዐረብኛው «ዘባድ» ነው፤ የእኛ ዝባድ ማለት ነው። መስክራትም እንደ ጥርኝ ከጭራው ሥር ካሉ ዕጢዎች ሽታ ያለው ቅባት ያወጣል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁበት አገር ይፈቅዳል ወይ?

ይህን ሳታውቁ ምንም አትግዙ። የምጽፈው ስለ ሚኒሶታ ነው። አንባቢ ግን በየአገሩ ስላለ ጥቂት ልበል። እስራኤል በ2021 ከተወሰኑ ነገሮች፣ ለምሳሌ ከሃይማኖታዊ አልባሳት፣ በቀር የጸጉር ቆዳ ንግድን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት እግር የሚይዘውን የብረት ወጥመድ በ1991 ባወጣው ደንብ አግዷል፤ እገዳው ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ነው። ሆላንድ ውስጥ መስክራት ማጥመድ መደበኛ ሥራ ነው። እንስሳው በ1905 ፕራግ አቅራቢያ ተለቆ አውሮፓን አዳረሰ፤ የሆላንድን የውሃ መከላከያ ግድቦች እየቆፈረ ስላስቸገረ የውሃ አስተዳደሮቹ ደሞዝተኛ አጥማጆች አሏቸው። አሜሪካ ውስጥም ሕጉ እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ ለጸጉር ማጥመድን በ2019 ከልክላለች። ኮሎራዶ፣ ማሳቹሴትስና ዋሽንግተን ስቴትም ጥብቅ ገደብ አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ወንጀል ነው። እዚህ የተማራችሁትን ክረምት ላይ ለዕረፍት ስትሄዱ እዚያ አትሞክሩት።

ሚኒሶታ ውስጥ ጉዳዩ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ነው። ሰው ሁሉ ዲ.ኤን.አር. ይለዋል። ከዲሴምበር 31 ቀን 1989 በኋላ የተወለደና ከዚህ በፊት የማጥመድ ፈቃድ ወስዶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የአጥማጆችን ትምህርት መጨረስ አለበት። በዕድሜ ምክንያት ባይመለከታችሁም ውሰዱት። እኔን አያስገድደኝም ነበር፤ ግን ወሰድኩት። ወጥመድ ከመግዛቴ በፊት ብወስደው ኖሮ ደግሞ ሃያ አልገዛም ነበር።

ከዚያ ፈቃድ ትገዛላችሁ። ዲ.ኤን.አር. በየዓመቱ የሚያወጣውን የደንብ መጽሔትም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቀኖቹ ስለሚቀያየሩ የአምናውን አትመኑ። የመስክራት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ከደንቡ ውስጥ ሁለቱን በቃል ያዙ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ወጥመድ ላይ ስማችሁና አድራሻችሁ፣ ወይም የመንጃ ፈቃድ ቁጥራችሁ፣ ወይም ዲ.ኤን.አር. የሰጣችሁ ቁጥር ያለበት ታርጋ መኖር አለበት። ትንሽ የመዳብ ታርጋ በሽቦ ማሰር ይበቃል። ሁለተኛው የመጎብኘት ግዴታ ነው። እንስሳውን በሕይወት የሚይዝ ወጥመድ በየቀኑ መታየት አለበት። የሚያሰጥም ወይም አካሉን ጨብጦ የሚገድል ወጥመድ ደግሞ ቢያንስ በየሦስተኛው ቀን። እኔ ሁለተኛውን ዓይነትም በየቀኑ ነው የማየው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 2፦ ቦታና ፈቃድ

የመንግሥት የዱር እንስሳት መሬቶች በአብዛኛው ለአጥማጅ ክፍት ናቸው። ጥሩነታቸው ማንንም አለመጠየቃችሁ ነው። ችግራቸው ውሻ ይዞ የሚመጣ የዳክዬ አዳኝ መብዛቱ ነው። ለጀማሪ የገበሬ ኩሬ ይሻላል። ብዙ ገበሬ መስክራት ግድቡን እየቦረቦረ ውሃ ስለሚያፈስበት ሰው ቢያጠምድለት ይወዳል።

ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም። እኔ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ እርሻ በር ላይ እየተመላለስኩ ሳላንኳኳ አልፌ ነበር። ጥቁር ሰው፣ አነጋገሩ የሚያስታውቅ፣ ገጠር ውስጥ መኪና አቁሞ ኩሬ ሲያይ ምን ይሉኛል ብዬ። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሼ አንኳኳሁ። ስሜን ተናገርኩ። የት እንደምኖር፣ ምን ማጥመድ እንደምፈልግ፣ ስንት ወጥመድ እንደማስገባና በየጠዋቱ በስንት ሰዓት እንደምመጣ ነገርኳቸው። ፈቃዴን አሳየሁ። ሴትየዋ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ውሻችን ኩሬው ዳር ይሄዳል፤ ይያዛል ወይ?»። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ወጥመድ መሆኑን አሳየኋቸው። ተፈቀደልኝ። ወቅቱ ሲያልቅ አንድ ድፎ ዳቦ ጋግራ ባለቤቴ ላከችላቸው። እስከ ዛሬ በራቸው ክፍት ነው።

ሲፈቀድላችሁ የት መኪና እንደምታቆሙ፣ የትኛውን በር እንደምትዘጉ ጠይቁ። ተዘግቶ ያገኛችሁትን በር ዝጉ። ክፍቱን ክፍት ተዉት።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ወጥመዱ «110» የሚባለው ነው። ስያሜው መጠኑን ነው የሚነግራችሁ። አራት ማዕዘን የሆኑ ሁለት የብረት ክፈፎችና አንድ ወይም ሁለት ሞላ አለው፤ አፉ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንስሳው በመሃሉ ሲያልፍ ማስፈንጠሪያውን ይነካል። ክፈፎቹ አንገቱን ወይም ደረቱን ጨብጠው ቶሎ ይገድሉታል። ሰው ሁሉ «ኮኒቤር» ይለዋል። ፍራንክ ኮኒቤር የሚባል ካናዳዊ አጥማጅ ነው የፈለሰፈው። በእግሩ ተይዞ የሚሰቃይ እንስሳ ስላሳሰበው ብዙ ዓመት ሞክሮ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ለገበያ በቃለት። ይህን ታሪክ የምወደው ፈልሳፊው ራሱ አጥማጅ በመሆኑ ነው።

220 እና 330 የሚባሉትን ትልልቆቹን አሁን አትግዙ። የእጅ አጥንት ይሰብራሉ፤ ውሻ ይገድላሉ። 110 እጃችሁን ቢይዝ ያስጮኻችኋል፤ ግን በሌላው እጃችሁ ሞላውን ጨምቃችሁ ትወጣላችሁ። ይህን ቤት ውስጥ፣ ሞቆአችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ተለማመዱት። ውሃ ውስጥ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ አይደለም የምትማሩት።

ከዚያ የሚያስፈልጋችሁ፦ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ከነቀበቶው፤ እስከ ክርን የሚሸፍን የጎማ ጓንት፤ ስድስት ጠንካራ ችካል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ፤ ሽቦና ፒንሳ፤ ትንሽ መጥረቢያ፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፤ ዕቃ መያዣ ባልዲ። የጎማ ሱሪው ቀበቶ እንዳይረሳ። ወድቃችሁ ሱሪው ውሃ ከሞላ መነሣት ይከብዳል፤ ቀበቶው ውሃውን ያዘገየዋል።

አዲስ ወጥመድ የፋብሪካ ዘይት አለው። በሳሙና ውሃ ቀቅሉትና ደጅ አንጠልጥሉት። ሲደበዝዝና ቀለል ያለ ዝገት ሲይዝ ይበቃዋል። አንዳንዱ ቀለም ይነክረዋል፤ ለመስክራት ግድ አይደለም። ሰም ግን አትቀቡት። ሰም የተቀባ 110 ያንሸራትትና እጃችሁ ላይ ይፈነጠራል።

ደረጃ 4፦ ረግረጉን ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ወቅቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወጥመድ ሳትይዙ፣ በቀን ብርሃን ሂዱ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ቀን ነው። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ዝይዎቹ እየጮኹ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፣ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም።

መጀመሪያ ፊላውን ፈልጉ። ከቁመታችሁ የሚበልጥ፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ዱላ የመሰለ ፍሬ ያለው የውሃ ተክል ነው። መስክራት ሥሩን ይበላል፣ በግንዱ ቤት ይሠራል። ፊላ መሃል የጭቃና የሣር ክምር ብታዩ ቤቱ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ጎጆ ይመስላል። ቤቱን አትንኩት፣ አታፍርሱት። ክረምቱን ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ የሚሞቅበት እዚያ ነው።

ጅረትና የገበሬ ኩሬ ላይ ግን ቤት ላታዩ ትችላላችሁ። እዚያ መስክራት ዳሩን ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። የጉድጓዱ አፍ ከውሃው በታች ነው። እንዴት ይገኛል? ቀስ ብላችሁ ዳር ዳሩን ሂዱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በዙሪያው ጭቃው ለስላሳና ቅጠል የለበሰ ሆኖ በመሃል ጠራ ያለ፣ ቦይ የመሰለ መስመር ታያላችሁ። ስፋቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። በየሌሊቱ ስለሚመላለሱበት ተጠርጓል። ውሃው ከደፈረሰ በእግራችሁ ዳስሱ። እግራችሁ ከሚሰምጥበት ጭቃ ወደ ጠንካራ ወለል ሲገባ መንገዱን አገኛችሁት። ተከተሉት፤ ወደ ዳሩ ይወስዳችኋል፣ ጉድጓዱ እዚያ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ውሃው ላይ የተንሳፈፈ የተቆረጠ ፊላ፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ የሚታይ፤ ማታ ቁጭ ብለው የሚበሉበት መድረክ ነው። ድንጋይና ግንድ ላይ የተከማቸ ትንንሽ ጥቁር ኩስ። ጭቃ ላይ የጭራ ጭረት ያለው ዱካ። ኩሱ እርጥብ ከሆነ፣ የተቆረጠው ፊላ ካልጠወለገ፣ ባለቤቱ ትናንት ማታ እዚህ ነበር።

ደብተር ያዙ። ያገኛችሁትን መንገድ ሁሉ ሣሉ። አሥር ብታገኙም ስድስት ብቻ ምረጡ። የቀሩትን ተዉላቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ መዘርጋት

ችካሉን ከመንገዱ ጎን ጭቃው ውስጥ በደንብ ምቱ። ስትነቀንቁት መንቀሳቀስ የለበትም። የወጥመዱን ሰንሰለት በሽቦ ችካሉ ላይ እሰሩ፤ ሽቦውን አንድ ዙር ሳይሆን ሦስት አራት ዙር ጠምዝዙ።

ወጥመዱን ዳር ላይ ሆናችሁ አጥምዱት። ሞላውን ጨምቃችሁ ክፈፎቹን አጋጥሙ፣ የሞላውን ማቆያ መንጠቆ አግቡ፣ ከዚያ ማስፈንጠሪያውን አስተካክሉ። ማቆያውን እስከ መጨረሻው አትልቀቁ። ወጥመዱን መንገዱ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ እንደ በር አቁሙት። የታችኛው ክፈፍ ወለሉን ይንካ። ሙሉ በሙሉ ከውሃ በታች ይሁን። የማስፈንጠሪያውን ሁለት ሽቦዎች ወደ ታች ገልብጡና ትንሽ ከፈት አድርጓቸው፤ ሲዋኝ በደረቱ ይነካቸዋል። ሞላውን በሁለት ቀጫጭን እንጨት ግራና ቀኝ ደግፉት። ወጥመዱ ከተወላገደ መስክራቱ ገፍቶት ያልፋል፣ ወይም በደንብ አይያዝም። በደንብ አለመያዝ ማለት ደግሞ ስቃይ ነው።

ከወጥመዱ በላይ፣ ውሃው ላይ፣ አንድ ደረቅ እንጨት አጋድሙ። መስክራት ላይ ላዩን እየዋኘ ከመጣ እንጨቱን ሲያይ ጠልቆ ያልፋል፤ ወጥመዱ ያለው እዚያ ነው። ሁሉ ነገር ሲያልቅ፣ እጃችሁን ከወጥመዱ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በመጨረሻ ማቆያውን ልቀቁ።

የዘረጋችሁበትን ቦታ ጻፉ። በደብተር፣ በስልክ ካርታ፣ በሁለቱም። ዛፍ ላይ ትንሽ ሪባን ማሰርም ይረዳል። በረዶ ሲጥል ሁሉም ቦታ አንድ ይመስላል።

መኖ አያስፈልግም። መንገዱ ራሱ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ በማግስቱ ጠዋት

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ከሥራ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ ሰባት ሰዓት ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት፣ ሥራ ስለምገባ አሥር ሰዓት ተኩል ሌሊት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ይህን በየቀኑ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ዘንድሮ አትጀምሩ። ወይም ዓርብ ማታ ዘርግታችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጡት። ሁለት ሌሊትም ቢሆን ማጥመድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ከስድስቱ 110 ሌላ አንድ እግር የሚይዝ ወጥመድ ጨምሬ ነበር፤ የተያዘው እንስሳ ወደ ጥልቁ ዘሎ በወጥመዱ ክብደት እንዲሰጥም ተብሎ የሚዘረጋው ዓይነት። ጎረቤቴ ሳያውቁ ነው። ሥራ ቦታ ተጨማሪ ሰዓት ስጡን ተባለ፤ ገንዘብ ነው ብዬ ገባሁ። ሁለት ቀን ሳልሄድ ቀረሁ። ሕጉን አልጣስኩም፣ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ግን ታች ያለው፣ ቢቨር የሚባለው እንስሳ በእንጨት የሠራው ግድብ ተከፍቶ ውሃው በጣም ወርዶ ነበር። የሚያሰጥም ጥልቀት አልነበረም። ወጥመዱ ውስጥ ያገኘሁት እግር ብቻ ነው። እንስሳው ጠምዝዞ ቆርጦት ሄዷል።

እዚያው ዳር ተቀምጬ ቀረሁ። ለጎረቤቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «አሁን ለምን በየቀኑ እንደምሄድ ገባህ» ብቻ ነው ያሉኝ። ያንን ወጥመድ ሦስት ዓመት አልነካሁትም። እናንተም በመጀመሪያው ዓመት ከ110 ውጭ ምንም አትጨምሩ። ውሃ ሲወርድም ሲወጣም ወጥመዱን አስተካክሉ። አልችልም ያላችሁበት ቀን ከመጣ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሁሉንም ዝጉ።

በረዶ ሲመጣ ደግሞ ለራሳችሁ ፍሩ። ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል። ይህ የዲ.ኤን.አር. ምክር ነው። መስክራት በሚመላለስበት መንገድ ላይና ቤቱ ዙሪያ ግን በረዶው ከሌላው ቦታ የሳሳ ነው፤ እንስሳውና አረፋው በደንብ እንዳይጋገር ያደርጉታል። እናንተ ደግሞ የምትሄዱት ልክ ወደዚያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ምክሬ፣ ኩሬው መጋገር ሲጀምር ወጥመዱን አውጡ። በረዶ ስር ማጥመድን ከሚያውቅ ሰው ጋር በሌላ ዓመት ትማሩታላችሁ። መቼም ቢሆን ብቻችሁን ከሆናችሁ የት እንዳላችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ተናገሩ።

ደረጃ 7፦ መግፈፍና ማድረቅ

ጓንት አድርጉ፤ ስስ የሐኪም ጓንት ይበቃል። መስክራት ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ ሊይዝ ይችላል፤ በእጅ ላይ ባለ ቁስል ወደ ሰው ይገባል። ከነካካችሁ በኋላ ትኩሳትና ያበጠ ንፍፊት ካያችሁ ለሐኪሙ መስክራት እንደገፈፋችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት አይጠረጥርም።

መጀመሪያ ጭቃውን በውሃ እጠቡና አንጠልጥላችሁ ጸጉሩ ይድረቅ። እርጥብ አይገፈፍም።

እንደ በዓል በግ ሆዱን አትሰንጥቁት። ስልቻ እንዴት እንደሚገፈፍ ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ከአንዱ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት ተነሥታችሁ፣ በጭራው ሥር አድርጋችሁ፣ እስከ ሌላው እግር ቁርጭምጭሚት ቅደዱ። የጭራውን ዙሪያ ቁረጡ። ከዚያ ቢላውን አስቀምጡና በጣታችሁ ቆዳውን ከሥጋው ለዩ። እንደ ካልሲ ወደ ራሱ ሳቡት። የፊት እግሮቹ ጋ ስትደርሱ በጣት አሾልኩና ቁረጡ። ጆሮው ጋ ወደ ሥጋው ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ፤ ዓይኑና ከንፈሩ ጋ ቀስ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይፈጅባችኋል። ጎረቤቴ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳሉ።

ቆዳውን ጸጉሩ ወደ ውስጥ እንደሆነ ጣውላ ላይ አልብሱና ስቡን በደነዘዘ ቢላ ፋቁ። አትቸኩሉ፤ የመስክራት ቆዳ ስስ ነው። ስቡ ይውጣ እንጂ ከቆዳው ጋር የተጣበቀችውን ስስ የሥጋ ሽፋን ሁሉ ልፋቅ ብትሉ ቀዳችሁት። ከዚያ የሽቦ መወጠሪያ ውስጥ አስገቡት። ሆዱ በአንድ ወገን፣ ጀርባው በአንድ ወገን ይሁን። ወጠር ይበል እንጂ እስኪሳሳ አትለጥጡት።

ከምድጃና ከማሞቂያ አርቁ። ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ፣ አየር የሚገባበት ክፍል ይበቃል፤ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት። በሁለት ሦስት ቀን እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ያኔ አውጡት። ጊዜ ከሌላችሁ ሳትገፍፉት በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ከዶሮው ጎን አየሁት ብላ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ለብቻው ትንሽ ፍሪዘር ጋራዥ ውስጥ አለኝ።

ሥጋውን በእኛ ሃይማኖት አንበላም። አሜሪካኖቹ ውስጥ ግን የሚበላ አለ። ሚሺጋን ውስጥ፣ ከዲትሮይት በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ ካቶሊኮች በጾማቸው ወራት ዓርብ ዓርብ መስክራት የመብላት የቆየ ልማድ አላቸው። ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ከዓሣ ጋር ቆጥረውት ነው። እኔ ሬሳውን ለጎረቤቴ እሰጣለሁ፤ ለሌላ እንስሳ መኖ ያደርጉታል። ማንም ካልፈለገው በከረጢት አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ውሃ ዳር ወይም መንገድ ዳር አትጣሉ።

ስለ ገንዘቡ

ለገንዘብ ብላችሁ አትጀምሩ። በ2013 አካባቢ የአንድ መስክራት ቆዳ ከ10 ዶላር ያለፈበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ወድቋል፤ ጥቂት ዶላር ቢያወጣ ነው። በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የነበረው የጸጉር ጨረታ ድርጅት በ2019 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ሥራው ቆመ። አሁን ብዙው ቆዳ የሚሸጠው ኦንታሪዮ ውስጥ ኖርዝ ቤይ በሚገኘው ጨረታ ነው፤ ወይም በክረምት በየከተማው እየዞሩ ለሚሰበስቡ ገዢዎች። የሚኒሶታ አጥማጆች ማኅበርም ጨረታ ያዘጋጃል። እዚያ ሄዳችሁ ባትሸጡም ሽማግሌዎቹ ቆዳ ሲመርጡ ማየት ትምህርት ነው። የእናንተን ቆዳ አገላብጠው «እዚህ ጋ ቢላህ ጠልቋል» ይሏችኋል።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ቆዳዎቼን አልሸጥኩም። አስለፋኋቸውና ለልጄ የክረምት ባርኔጣ ተሠራላት። የጸጉሩ ሥር ያለው ለስላሳ ጸጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነፋስ አያስገባም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጆሮዋ አይቀዘቅዝም።

ማውጣት

ስታወጡ በቀን ብርሃን፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ችካሉን ንቀሉ፣ ሽቦውን ሰብስቡ፣ ሪባኑን ፍቱ። እያንዳንዱን ወጥመድ ዘግታችሁ ባልዲው ውስጥ ስትከቱ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። አንድ። ሁለት። እኔ አንድ ዓመት አምስት ላይ ቆምኩ። ስድስተኛው ያለበት ሪባን በነፋስ ሄዷል፤ ፊላው ወድቆ ቦታው ሁሉ ተለዋውጧል። ቀኑ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ሥራ አስፈቅጄ ተመለስኩ። በእግሬ እየዳሰስኩ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈለግሁ። ተጠምዶ፣ ባዶውን፣ አገኘሁት። ዘጋሁትና ባልዲው ውስጥ ጨመርኩት። ስድስት።